የ11 ወር አጥር

«ካምፒንግ የፈረንጅ ነገር ነው።» አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ወጣት ይህን ያልሰማ የለም። አንዳንዱ እየሳቀ ይለዋል፣ አንዳንዱ ከምሩ። ቀጥሎ ደግሞ «ደህና ቤት እያለኝ ለምን መሬት ላይ እተኛለሁ?» ይመጣል። ቀልዱ ደስ ይላል፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ቀልዱ የሚሸፍነው ነገር አለ። ስቴት ፓርክ የሕዝብ ንብረት ነው። ግብር የምንከፍል ሰዎች ነን። በየዓመቱ በጋ ላይ ሌላው ሰው ልጆቹን ይዞ ይገባበታል፣ እኛ ደግሞ ያልገባነው ባህላችን ስላልሆነ ነው ብለን ራሳችንን እናጽናናለን። ይሄ እውነት አይደለም። ያስቀረን ካላንደር ነው።

በመጀመሪያ ባህል የምትለዋን እንያት። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ሕዝብ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ያድራል። በከተራ ማታ ታቦት ካደረበት አብሮ የሚያድረው ምእመን ጥቂት አይደለም። ሠርግና ለቅሶ ያለ ድንኳን አይሆንልንም። ብርድ ላይ ተሰብስቦ እሳት ማንደድ፣ በጋራ መብላት፣ ሲነጋ ቡና ማፍላት ከፈረንጅ የተማርነው ነገር ነው እንዴ?

ሁለተኛ፣ «የነጭ ነገር» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹን 6 ስቴት ፓርኮቿን በአንድ ቀን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ጥቁር ሰው እንደ ነጩ ገብቶ አይጠቀምባቸውም ነበር። በ1948 ማሴዮ ማርቲን የተባለ የዳንቪል ጥቁር የባንክ ሰው ስታውንተን ሪቨር ፓርክ እንዳይገባ ተከለከለና ስቴቱን ከሰሰ። የስቴቱ መልስ በሩን መክፈት ሳይሆን ለጥቁሮች ለብቻ የሚሆን ፓርክ ማዘጋጀት ነበር፤ ፕሪንስ ኤድዋርድ በ1950 ተከፈተ። ያ ፓርክ ዛሬ ከጎኑ ከነበረው የነጮች ፓርክ ጋር ተቀላቅሎ ትዊን ሌክስ ይባላል። ስለዚህ «የነጭ ነገር» ሲባል እንደ ተፈጥሮ ሕግ አትስሙት። ሰዎች በሕግና በዘበኛ የሠሩት፣ ሌሎች ሰዎች ደግሞ ፍርድ ቤት ቆመው ያፈረሱት ነገር ነው። እነሱ የከፈቱልንን በር እኛ በቀልድ ስንዘጋው ያሳዝናል።

አሁን ወደ ካላንደሩ። የቨርጂኒያ ስቴት ፓርክ የካምፕ ቦታ ከ11 ወር በፊት ጀምሮ ይያዛል። የሚመጣውን ጁላይ የሚፈልግ ሰው ዘንድሮ ኦገስት ላይ መነሳት አለበት ማለት ነው። ካሊፎርኒያ 6 ወር ነው፤ ውቅያኖስ ዳር ያሉት ቦታዎች መያዣው በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ። ፍሎሪዳ ከ2024 ጀምሮ ለነዋሪዎቿ 11 ወር፣ ለእንግዳ 10 ወር አድርጋለች። እኛ ጁን መጨረሻ ላይ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ብለን ስልክ ስናወጣ፣ ዓርብና ቅዳሜ ከተያዙ ቆይተዋል። ማንም በር ላይ ቆሞ «አትገቡም» አላለንም። አጥሩ የ11 ወር ነው፣ ስለማይታይ ደግሞ የለም ብለን እናስባለን።

«ሐበሻ አስቀድሞ ማቀድ አይችልም» የሚል ካለ፣ እሱን አልቀበልም። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ ላይ የሚካሄደውን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል እዩ። ሰው ገና ከተማው እንደታወቀ ሆቴል ይይዛል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ልብስ ያሠራል። የሠርግ አዳራሽ ከዓመት በፊት ቀብድ ይከፈልበታል። የሚያገባንን ነገር ስናገኝ እናቅዳለን። ፓርኩ የማያገባን መስሎን ነው።

ግን ሁሉንም በራሳችን ላይ አልጭንም። ፓርኪንግ ላይ፣ ሆስፒታል፣ ኤርፖርት ውስጥ የሚሠራ ሰው የሥራ ሽፍቱ የሚወጣለት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የ11 ወር ቀጠሮ የሚመቸው ጡረታ ለወጣና ቢሮ ውስጥ ፈቃዱን በጃንዋሪ ለሚያስመዘግብ ሰው ነው። ሽፍት የሚሠራው ሰው ግብሩን ይከፍላል፣ ቅዳሜውን ግን ሌላው ወስዶታል። ይህን ደግሞ መቀየር ይቻላል። ሚኒሶታ የመያዣውን ጊዜ 120 ቀን አድርጋለች፤ ለዕለቱ የሚያዝም ቦታ አላት። ካሊፎርኒያ በ2023 ባወጣችው ሕግ ቦታ ይዞ በሚቀር ሰው ላይ ቅጣት ጥላለች፤ በጣም ለሚፈለጉ ጥቂት ፓርኮች ደግሞ በዕጣ እንዲደርስ መንገድ ከፍታለች። ስለዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ድምፅ የምትሰጡ ልጆች፣ የስቴት ተወካያችሁን «ከቦታዎቹ የተወሰነው በዚያው ሳምንት ለሚወስን ሠራተኛ ይቀመጥ» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ትንሽ ነው፣ ሰበብ ግን አያስተርፍም።

አንድ ተቃውሞ አለ፣ እሱን በቀልድ አላልፈውም። በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ወላጆች ድንኳን ሲባል ትዝ የሚላቸው ሌላ ነው። አቧራ፣ ራሽን፣ የማያልቅ ጥበቃ። «ከድንኳን ሸሽቼ መጥቼ፣ ገንዘብ ከፍዬ ድንኳን ልግባ?» ካሉ ልክ ናቸው፤ አትከራከሯቸው። ለእነሱ ካቢን አለ፤ አልጋ፣ በር፣ ምድጃ ያለው። አርቪም አለ፤ መንገድ ላይ ኩሽናና ሽንት ቤት ይዞ የሚሄድ ቤት ማለት ነው። አርቪ ያስፈራናል እንዳትሉኝ፤ 53 ጫማ ተጎታች ወደ ኋላ እየነዱ መጋዘን የሚያስገቡ የትራክ ሾፌሮች በየቤቱ ሞልተውናል። አንዱን አጎት ለምኑ።

ስትይዙም ዓይናችሁን ክፈቱ። የአርቪው ርዝመት ከቦታው ጋር ይግጠም፤ ድረ ገጹ ላይ በጫማ ተጽፏል። መብራቱ 30 አምፕ ከሆነ ኤሲ፣ ማይክሮዌቭና የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ አይበሩም፣ ይጠፋባችኋል። ብዙ ፓርኮች በአንድ ቦታ 6 ወይም 8 ሰው ብቻ ነው የሚፈቅዱት፤ የእኛ «ቤተሰብ» ደግሞ አክስትና ጎረቤት ስለሚጨምር፣ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ወይም ለቡድን የተዘጋጀውን ያዙ። ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ ዛፍ የሚገድል ነፍሳት ይዞ ይሄዳልና እዚያው ግዙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ የለም። ቦታው ሞልቷል ካላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ የተሰረዘ ቦታ ተመልሶ ይወጣል፣ በተለይ ቀኑ ሲቃረብ።

እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን የክፍል ጓደኞቻቸው ስለ ፓርኩ ሲያወሩ ዝም ብለው እንዲሰሙ አንፈርድባቸው። በዚህ ሳምንት አንዳችሁ የቤተሰቡን የዋትሳፕ ግሩፕ ክፈቱና ለሚመጣው ዓመት አንድ ቀን ጻፉ። ሻናንዶዋ ሪቨርም ይሁን ሌክ አና፣ ቦታውን ያዙት። ማን ምን ይዞ ይመጣል የሚለውን ጭቅጭቅ በኋላ ትደርሱበታላችሁ፣ ለእሱ 11 ወር አላችሁ።