«ከዒድ በኋላ» እስከ መቼ?



በዚህ ወር የምንነጋገርበትን ጉዳይ ያነሳችልን አንዲት እህታችን ናት። ስሟ እንዳይገለጽ ስለጠየቀች ታሪኳን ብቻ ባጭሩ እናቀርባለን። አንድ ሶላቱን የማያጓድል፣ በጠባዩ የተመሰገነ ወጣት ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ ካጫት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጀመሪያ «ከረመዷን በኋላ ኒካሑ ይታሰራል» ተባለ። ረመዷን አለፈ፤ «ከዐረፋ በኋላ» ተባለ። ዐረፋም አለፈ፤ «ሱቁ ትንሽ ይጠንክር» መጣ። አባቷ ዘመድ በጠየቃቸው ቁጥር የሚሰጡት መልስ አጥተዋል። በመጨረሻ ወንድሟ ባለበት በግልጽ ስትጠይቀው «አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ ግን እፈራለሁ» አላት። እርሷም ለእኛ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ምኑን ነው የሚፈራው? እኔስ እስከ መቼ ልጠብቅ?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ በየተራ እንያቸው።

መፍራት በራሱ ወንጀል አይደለም። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 21ኛው አንቀጽ ላይ ጋብቻን ጽኑ ቃል ኪዳን ብሎ ይጠራዋል። ጽኑ ቃል ኪዳን ሊገባ ያለ ሰው ልቡ ቢመታ አይገርምም። እንዲያውም ምንም ሳያስብ ዘሎ ከሚገባው ይልቅ ይኸኛው የኃላፊነቱን ክብደት ሳይረዳ አልቀረም። ነገር ግን ፍርሃት ስሙ ካልታወቀ አይታከምም። ስለዚህ «እፈራለሁ» የሚለውን ወንድማችንን «ምኑን?» ብለን እንጠይቀዋለን።

አንዳንዱ የሚፈራው ያደገበትን ቤት ነው። አባትና እናቱ ሲጣሉ እያየ፣ ምናልባትም ሲፋቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ያደገ ልጅ፣ ጋብቻ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ያ ጭቅጭቅ ነው። እንዲህ ያለው ወንድም የወላጆቹን ስህተት መውረስ ግዴታው እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል። ያየውን ለእጮኛውና ለወሊይዋ ይንገራቸው። ቁጣ ሲነሳ ማን እንደሚሸመግላቸው፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ ከወዲሁ ይነጋገሩበት።

ሌላው የሚፈራው ወጪውን ነው። አዳራሹ፣ ወርቁ፣ ጥሎሹ፣ የመኪናው ሰልፍ፣ ቪዲዮው! ይህን ፍርሃት የፈጠርነው እኛው ነን። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ለመህር የሚሆን የብረት ቀለበት እንኳ ያጣ ሰው በሚያውቃቸው የቁርኣን ምዕራፎች እንዲያገባ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደውለታል። ለዚያ ሰው የተከፈተውን በር ለልጆቻችን በድግስ የምንዘጋው በምን ሥልጣን ነው?

ሦስተኛው «ብሳሳትስ? ከእርሷ የተሻለች ብትኖርስ?» ይላል። የዚህ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ሁለት ሰዎች ለጋብቻ በጠየቋት ጊዜ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከረች። እርሳቸውም የአንደኛውን ድህነት፣ የሌላኛውንም በሴቶች ላይ ያለውን ኃይለኝነት ሳይደብቁ ነግረዋት ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) እንድታገባ መከሯት። መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር። ካገባችው በኋላ ግን አላህ በትዳሯ ላይ መልካም እንዳደረገላት ራሷ መስክራለች። ጠይቃ ተነገራት፤ ከተነገራት በኋላ ደግሞ ወሰነች። ኢስቲኻራም እንዲሁ ነው። ለመወሰን የሚረዳ ሶላት እንጂ ሕልም እየጠበቁ ዓመታትን የሚያሳልፉበት ሰበብ አይደለም።

አራተኛው ጋብቻን በሩ አንዴ ከተዘጋ የማይከፈት እስር ቤት አድርጎ ያየዋል። ኢስላም ፍችን ባያበረታታም መውጫውን ግን አልደፈነም። ለባል ጦላቅ፣ ለሚስትም ኹልዕ አለ። የሳቢት ኢብኑ ቀይስ ሚስት በጠባዩም በሃይማኖቱም እንከን ሳታወጣበት፣ አብራው መኖር እንዳልቻለች ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትናገር በመህር የሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ እንድትለያይ ተደርጓል። ይህን የምናነሳው ለመፋታት እንድትዘጋጁ አይደለም። መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ሲገባ ብዙም አይሸበርም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። እርሷስ እስከ መቼ ትጠብቅ?

ወንድማችን ሆይ! አንድ ነገር ልብ በል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ወንድሙ ባጫት ሴት ላይ፣ የመጀመሪያው ካልተወ ወይም ካልፈቀደ በቀር፣ እንዳያጭ ከልክለዋል። ይህ ክልከላ የአንተን ክብር ይጠብቅልሃል። ነገር ግን አንተ በዚህ ክብር ተሸፍነህ ሦስት ዓመት ስትቀመጥ፣ አላህን የሚፈሩ ሌሎች ሰዎች ሁሉ ከደጃፏ ይመለሳሉ ማለት ነው። አንተ እየፈራህ ዕድሜዋ የሚያልፈው የእርሷ ነው። ፍርሃትህ ያንተ ነው፤ ዋጋውን ግን እያስከፈልክ ያለኸው እርሷን ነው።

የዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ልጃቸው ሐፍሷ (ረ.ዐ) በድር የዘመተው ባሏ ኹነይስ በሞተባት ጊዜ ዑመር ለዑስማን (ረ.ዐ) እንዲያገቧት ጠየቁ። ዑስማን ጥቂት ቀናት አሰቡበትና በዚያ ወቅት ማግባት እንደማይፈልጉ በግልጽ ነገሯቸው። ከዚያም ዑመር አቡበክርን (ረ.ዐ) ጠየቁ፤ አቡበክር ዝም አሉ። ዑመርን የበለጠ ያስከፋቸው የትኛው ነበር? ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት ዝምታው ነበር። አቡበክር እንኳ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐፍሷን ሲያነሱ ሰምተው ምስጢራቸውን ላለማውጣት ብለው ነው፤ በኋላም ራሳቸው ለዑመር አስረድተዋል። ያን የመሰለ ምክንያት እያለ ዝምታ እንዲህ ካስከፋ፣ ምክንያት የሌለው የሦስት ዓመት ዝምታ የአንድን አባት ልብ ምን ያህል ይጎዳ ይሆን? ዑስማን ግን በጥቂት ቀናት መልስ ሰጡ። «አይሆንም» ማለታቸው ነውር አልሆነባቸውም።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ወንድማችን የሚፈራውን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፈው። የምክርን ከውሳኔ፣ የገንዘብን ከሐሳብ ይለየው። ከሚያምነው ዓሊም ወይም ትልቅ ሰው ጋር ይቀመጥ። ከዚያ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ቀን ይቁረጥ፦ ወይ ኒካሕ፣ ወይ በክብር መልቀቅ። ፍርሃቱ ጨርሶ እስኪጠፋ አይጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከገቡበት በኋላ ነውና።

አንቺም እህታችን፣ ማጨት የጋብቻ ቃል እንጂ ጋብቻ አለመሆኑን አትርሺ። በአባትሽ በኩል የተወሰነ ቀን ይጠየቅ። «ከዒድ በኋላ» ቀን አይደለም፤ ዒድ በየዓመቱ ይመጣልና። ያ ቀን ያለ በቂ ምክንያት ካለፈ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው በተቀመጡበት ቤት ተጠርተው ነገሩ በሰላም ይዘጋ። ይህ ውርደት አይደለም።

ወላጆችም ከድግሱ ቀንሱ፤ ለልጆቻችሁ ስለ ትዳራችሁ እውነቱን ንገሯቸው። እናንተም በመጀመሪያው ዓመት ፈርታችሁ እንደነበረ፣ ተጣልታችሁ እንደታረቃችሁ ቢሰሙ ፍርሃታቸው ግማሹ ይቀላል።

አላህ ለእህታችንም ለወንድማችንም ኸይሩን ይምረጥላቸው። ወላሁ አዕለም።