የሴባስቶፖል ቁልቁለት

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ ሲወሳ የሚነሣው ሁልጊዜ ዳገቱ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ከደብረ ታቦር መቅደላ አደረሰው፤ ሥዕሉም ትረካውም የሚያሳየን ወደ ላይ የሚስቡ ትከሻዎችን ነው። እኔ ግን የዚያ ጉዞ ክፉው ፈተና ቁልቁለቱ ነበር እላለሁ። ምክንያቱን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በረዶ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ሰዎች ስፖርት፣ ስኖውቦርድ ነው።

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና በውርጭና በበረዶ ነጭ ሆኖ ማደሩ ብርቅ አይደለም፤ ፀሐይ ስትበረታ ግን ይጠፋል። ስኖውቦርድ ለወራት የሚከርም በረዶ ይሻልና እኛ ዘንድ አልተለመደም። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያምም የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። የቁልቁለቱ ሕግ ግን በረዶም አፈርም አይለይም።

በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የቆመ ሰው የክብደቱ ሲሶ ያህል ኃይል ወደ ታች ይስበዋል። በሰም የታሸ የሰሌዳ ሆድ በበረዶ ላይ የሚገጥመው ሰበቃ ግን ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ሰበቃው ራሱ በሚፈጥረው ሙቀት ስስ የውሃ ሽፋን ያበጅና መንገዱን ያለሰልሳል። የተረፈው ኃይል ሁሉ ፍጥነት ይሆናል። ስለዚህ የስኖውቦርድ ጥበብ መሄድ አይደለም፤ መሄዱን ስበት ይሠራዋል። ጥበቡ ሰሌዳውን ለቁልቁለቱ አግድም አዙሮ የብረት ጠርዙን በረዶው ውስጥ መትከል፣ በሰያፍ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። ከቀጥታው ቁልቁለት 60 ዲግሪ ዞሮ የሚሄድ ሰው በሚሄድበት አቅጣጫ የሚስበው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ መድፉ። በ1859 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ቫልድማየር፣ ዛልሙለርና ሞሪትዝ ሃል የነበሩበት የአውሮፓውያን ባለሙያዎች ቡድን መድፉን አቅልጦ ከሠራው በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በቀጥታ መስመር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆን መንገድ ግማሽ ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረውም። በመካከሉ የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ፤ ከዋድላ ወደ ጅጣ ተወርዶ ወደ ደላንታ ይወጣል፣ ከደላንታ ደግሞ ወደ በሽሎ ይወረዳል።

እስቲ በግምት እናስላው። በየአራት ሜትሩ አንድ ሜትር ዝቅ በሚል መንገድ ላይ ሰባት ቶን ወደ ታች የሚስበው ኃይል ከ1,700 ኪሎ ክብደት ጋር ይስተካከላል። የእንጨት መንኮራኩር በጥርጊያ አፈር ላይ የሚገጥመውን እንቅፋት የክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ 700 ኪሎ እንበለው። ሲወጣ ሁለቱ ይደመራሉ፤ 2,400 ኪሎ ይሆናል። ሲወርድ ይቀናነሳሉ፤ 1,000 ኪሎ ይቀራል። በቁጥር ሲታይ ቁልቁለቱ ቀላል ነው። ስሕተት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዳገት ላይ የደከመ ጎታች ከመንኮራኩሩ ኋላ ድንጋይ አስገብቶ ያርፋል፤ እንቅፋቱም ከሰው ጋር ያብራል። ቁልቁለት ላይ ድንጋዩን የሚያስገባው ሰው የሚቆመው መድፉ ፊት ነው፤ ከኋላ ያለው ገመድ ቢበጠስ ደግሞ መድፉ በ10 ሴኮንድ ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሚይዘው ክንድ የለም። ሰው ማብዛትም ብቻውን አያድንም። ፈረንሳዊው ማክሲሚልየን ሪንገልማን ገመድ የሚስቡ ሰዎችን ለክቶ እንዳሳየው፣ ሳቢው ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ስምንት ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል።

መፍትሔው ያለው መንገዱ ላይ ነው። ያው መድፍ በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ በሚል መንገድ ላይ ቢሆን፣ የሚስበው 700፣ የሚይዘውም 700 ኪሎ ነው፤ መድፉ ራሱን በራሱ ሊይዝ ይቃረባል። ዋጋው ርዝመት ነው። አንድ ሺህ ሜትር ለመውረድ በአራት ኪሎ ሜትር ፋንታ አሥር ኪሎ ሜትር መቁረጥ ይጠይቃል፤ ያም ዓለት መፍለጥ፣ ገደል ጫፍ መደልደል፣ መታጠፊያ ማስፋት ነው። የዘመኑ ምስክሮች ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ይሠሩ እንደነበር ጽፈዋል። ስድስቱን ወር የበላውም ከጉተታው ይልቅ ይህ ይመስለኛል። ሥራው መልካም ለመሆኑ ከጠላት የተሻለ ምስክር የለም፤ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጅጣንና በሽሎን የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረው ክሌመንትስ ማርካምም መንገዱን አድንቆ ጽፎለታል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የመድፉ ምስል መቆሙ ደስ ቢለኝም፣ ከመድፉ ይልቅ መንገዱ የበለጠ ፈጠራ ነው ባይ ነኝ። ለእርሱ ያቆምነው ምልክት ግን አላየሁም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከጋፋት ይነሡ፤ ዋድላና ደላንታ ላይ ከአሮጌው ጥርጊያ የተረፈ ካለ ተዳፋቱን በዲግሪ፣ መታጠፊያውን በሜትር ይለኩ። ልኬቱ መሐንዲሱ ንጉሥ ቁልቁለቱን ምን ያህል እንዳለዘቡት በቁጥር ይነግረናል።