አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ስለ ኋላ ፍሬን ዲስክ

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መኪና የሌላችሁም አንብቡት። በሰው መኪናም ቢሆን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቁልቁለት መውረዳችሁ አይቀርም።

በዓል በቀረበ ቁጥር ከአርብ ገበያና ከአካባቢው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "የኋላ ዲስክ ከቀየርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ አሁንም አልቋል ተባልኩ። ፍሬን ስይዝ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ኦሪጂናል የት ይገኛል?" እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ "በየትኛው ጎን ነው ያለቀው? የውስጠኛው ሸራ ነው የውጨኛው?" አብዛኛው ሰው አያውቅም። የሚያሳዝነው ግን ዲስኩን የቀየረለት መካኒክም ይህን አለማየቱ ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ያለ ጊዜው ያለቀ የኋላ ዲስክ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ምክንያቱን ሳይፈልጉ ዲስክ መቀየር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ገንዘባችሁን ይበላል፣ አደጋውንም እዚያው መኪናው ውስጥ ይተወዋል።

ለምን? ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። ለዚህም ነው የኋላው ዲስክ ሳሳ ብሎ የሚሠራው። አዳዲሶቹ መኪኖች በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ለኋላው ከድሮው የበለጠ ሥራ ይሰጡታል፤ እሱ ልክ ነው። ሆኖም አንዱ ጎን ብቻውን ካለቀ ይህ ምክንያት አይሆንም። "ዕቃው ዱፕሊኬት ስለሆነ ነው" የሚለውም አይሠራም። ሶማሌ ተራ ደካማ ዕቃ አይሸጥም አልልም፤ ይሸጣል። ደካማ ዕቃ ግን ግራውም ቀኙም ተቀራርቦ ያልቃል እንጂ አንዱን ጎን መርጦ አይበላም።

አንዱን ጎን መርጦ የሚበላው ያልለቀቀ ፍሬን ነው። የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ይህን ያበዛዋል። ከአስፋልት ወጣ ስትሉ በበጋ አቧራ ነው፣ በክረምት ጭቃ። ጭቃውን የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይቀበላል። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ጎማው ከተቀደደ ውሃና አቧራ ገብቶ ይዝጋል፤ ከዚያ ካሊፐሩ ይይዝና በደንብ አይለቅም። ያን ጊዜ የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጨኛው ገና ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሌላው የእጅ ፍሬን ካቦ ነው። ካቦው ሲዝግ ማንሻውን አወረዳችሁት እንጂ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከአርብ ገበያ ባሕር ዳር ድረስ ፍሬን ይዛችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው።

አሁን ቁልቁለቱን ጨምሩበት። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትን የወረታ–ወልድያ መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጉና ትከሻ ወርዳችሁ ደብረ ታቦር ስትደርሱ ገና 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናችሁ፤ ወረታ ደግሞ 1,800 አካባቢ ነው። ከነቤተሰቡ 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው! በማርሽ ከወረዳችሁ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይይዙላችኋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ ከወረዳችሁ ግን የሞተሩም ድርሻ ዲስኮቹ ላይ ያርፋል። ለነገሩ ዘመናዊ ሞተር እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ በማርሽ ስትወርዱ ራሱ ነዳጅ ያቋርጣል፤ በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ሲል ያቃጥላል። ቁጠባውም የለም።

"ዲስኩ ጠመመ" የሚባለውም ብዙ ጊዜ እውነተኛ መጥመም አይደለም። በጣም የጋለ ዲስክ ላይ ፍሬን ይዞ መቆም የሸራውን ቅሪት አንድ ቦታ ላይ ያትማል። ጎማ ሲገጠም ዳዶውን በዙር ሳይሆን በመስቀልኛ ማጥበቅ ሲገባ፣ መፍቻው ላይ ቆሞ መርገጥ አለ። ብዙ ቶዮታዎች የሚፈልጉት 103 ኒውተን ሜትር ነው እንጂ የአንድ ጎረምሳ ሙሉ ክብደት አይደለም። ሞዩ ላይ ያለውን ዝገት ሳይጠርጉ አዲስ ዲስክ መግጠምም አለ። የአንድ ሚሊሜትር አስረኛ የማይሞላ መወላገድ ውሎ አድሮ ወንበራችሁን ያንቀጠቅጣል። በነገራችን ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ ብዙውን ጊዜ ፊት ነው፤ ወንበሩና ወለሉ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልከቱ። እና እባካችሁ፣ ከቁልቁለት እንደወረዳችሁ ላቫጆ ገብታችሁ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታስረጩ!

"ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥስ?" ትሉኛላችሁ። ይቻላል፤ ግን ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተጽፎበታል። ከዚያ በታች ከሳሳ አይላጥም፣ ይጣላል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ በሚቀጥለው ቁልቁለት የባሰ ይግላል።

ታዲያ መካኒኮቻችን ይህን ሁሉ አያውቁም? ያውቃሉ። ብዙዎቹን አስተምሬአቸዋለሁ፣ አውቃቸዋለሁ። ችግሩ አከፋፈላችን ላይ ነው። "ዕቃ 10 ሺህ ብር" ስንባል አውጥተን እንከፍላለን፤ "ለምርመራ አንድ ሺህ ብር" ስንባል ግን "ምን ሠራህና?" ብለን እንጨቃጨቃለን። የእጅ ዋጋ ላይ እየተከራከርን ዕቃ ላይ ዝም ካልን፣ ጋራዡ ከዕቃ መብላት ይለምዳል። ፒን አውጥቶ ያጸዳ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ የቀባ፣ ዲስኩን ለክቶ "መቀየር አያስፈልገውም" ያለ ልጅ ባዶ ኪሱን ይገባል። ዲስኩን የሸጠው ይከብራል። እንዲህ እያደረግን "ሐቀኛ መካኒክ ጠፋ" ብንል ማን ይሰማናል?

ስለዚህ ለባለ መኪኖች የምለው ይህ ነው። ለምርመራ ክፈሉ። ከመቀየሩ በፊት አሮጌዎቹን አራት የኋላ ሸራዎች ጎን ለጎን አስደርድራችሁ እዩ። ራሳችሁም መሞከር ትችላላችሁ። ደልዳላ ቦታ ላይ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፋችሁ፣ የእጅ ፍሬን ልቀቁና አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱት። በእጅ ሲገፋ በቀላሉ ካልዞረ የያዘው ነገር አለ። ከመንገድ ስትመለሱ እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፣ አትንኩት፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ከጋለ ያው ነው። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ይሄኔ ነው ነገሩ ከገንዘብ አልፎ ነፍስ የሚሆነው።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አታምልጡ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በዝታችኋል። የእናንተ ሕመም ተቃራኒው ነው። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚያቀዘቅዝ የኋላው ዲስክ ሥራ ፈትቶ በክረምት ይዝጋል። አልፎ አልፎ መንገዱ ነጻ ሲሆን ጠበቅ አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ። ቁልቁለት አናት ላይ ደግሞ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ አትነሱ፤ የሞላ ባትሪ የቁልቁለቱን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ወደ ዲስኩ ይመለሳል።

ለእናንተ ለተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ ለደንበኛው ያለቀውን ዲስክ አሳዩትና ለምን እንዳለቀ ንገሩት። "ለምን"ን መናገር ካልቻላችሁ ሥራው ገና አላለቀም፤ ቁልፉን አትስጡት።

ይህን ለምትወዱት ሾፌር አድርሱልኝ። መልካም መንገድ!