ጆንያው የህንድ፣ ሩዙ የፎገራ

አዲስ አበባ ላይ የንግድ ምክር ቤቱ ዓለም አቀፍ የንግድ ትርዒት በተከፈተ ቁጥር የህንዶቹ ቦታ ሰው ይበዛበታል። አባወራው ትኬት ቆርጦ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ይገባል፤ ሻሹን ይዳስሳል፣ ቅመሙን ያሸታል፣ ድስቱን አንኳኩቶ ያያል። ደብረ ታቦር ላይ ግን የህንድ ትርዒት ዓመቱን ሙሉ በነፃ ክፍት ነው። አዘጋጁ አይታወቅም፣ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣንም የለም። ገበያ መውጣት ብቻ ይበቃል።

በ2014 ዓ.ም. ለቡሄ ቤተሰቤን ይዤ ወደዚያው ወጥቼ ነበር። ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ላይ ልዩ ቀን ነው፤ ከተማውና በዓሉ አንድ ስም ይጋራሉ፤ ጅራፉ ይጮሃል፣ ችቦው ይበራል፣ ሙልሙሉ ይታደላል። በዋዜማው ለበዓሉ የጎደለውን ልንሸምት ገበያ ስንሄድ፣ ትልቁ ልጄ መንገድ ላይ እንዳይሰለቸን ብለን ጨዋታ ፈጠርንለት፤ የህንድ ዕቃ እየፈለገ ይቁጠር ተባለ። የተሳፈርንበትን ባጃጅ አልቆጠረውም። የፑኔ ከተማ ኩባንያ ስም ነው ብለው አልተቀበለኝም፤ እንደ ጋሪና በቅሎ የራሳችን ቃል መስሎታል። ከዚያ የአያቱን የደም ግፊት መድኃኒት አስታወሰ። ሻሽ ቆጠረ፣ ሞተር ብስክሌት ቆጠረ፣ ሳሙና ሳይቀር እያገላበጠ አየ። እህል ተራ ስንደርስ ሁለት ሜትር ከማይሞላ ቦታ አምስት ጆንያ ሩዝ ቆጠረ፤ ሁሉም ላይ በእንግሊዝኛ የህንድ ምርት መሆኑ ተጽፏል።

ባለቤቴ ነጋዴዋን፣ «እናቴ፣ ይኼ የህንድ ነው?» አለቻት።

«ኧረ የፎገራ ነው እታለም። ጆንያው ነው የህንድ። በማዳበሪያ ሳቀርበው ዋጋ ይሰብሩብኛል።»

ሴትዮዋን አልወቀስኳትም፤ ስትጠየቅ እውነቱን ተናግራለች። ነገሩ ግን የገበያ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነው። ሩዙ የበቀለው ከተራራው ግርጌ፣ ከወረታ ሜዳ ላይ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ተማምኖ እንዲገዛ ገዢውን ያሳመነው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ባዶ ከረጢት ነው።

የፎገራ ሩዝ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራና በፎገራ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሞክረውት ነበር፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ እስከ ዛሬ የደራዋን ጅግና ስም ይዞ ይኖራል። በክረምት ውኃ ይተኛበት የነበረው ሜዳ ዛሬ የአገሪቱ ዋና የሩዝ መሬት ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከልም እዚያው ፎገራ ነው። ገበሬው ድርሻውን ተወጥቷል ለማለት እደፍራለሁ። የቀረው የነጋዴው ድርሻ ነው።

ሩዝ በማሳ ላይ ሳይሆን በወፍጮ ቤት ነው ዋጋ የሚያጣው። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ደህና ማሽን 65 ኪሎ ያህል ነጭ ሩዝ ያወጣል፤ አብዛኛውም ሳይሰበር። አሮጌው መፈልፈያ ግን ፍሬውን ይከታትፈዋል። መሬት ላይ ስለሚወቃ ጠጠር ይገባበታል። ሰብሳቢው የሦስት ዓይነት ዝርያ በአንድ ጆንያ ይጨምራል፤ አንዱ ሲበስል ሌላው ገና ጥሬ ነው። የሆቴል ወጥ ቤት ይህን አንድ ጊዜ ካየ አይመለስም፤ ወደ ህንዱና ወደ ፓኪስታኑ ይሄዳል። ስለዚህ የፎገራ ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ ጤፍ ሲወደድ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፣ አለዚያም ወደ ጠላና አረቄ ይወርዳል። እንጀራ መሆኑ ነውር የለውም። ትርፉ ግን ስስ ነው።

ዕድል አልመጣም እንዳንል ሁለት ጊዜ በራፋችን ላይ ቆሟል። ህንድ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ሩዝ ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን ታቀርብ የነበረች አገር ናት። ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ከአገሯ እንዳይወጣ አገደች፤ የዓለም ዋጋ ተሰቀለ። ዕገዳው እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ቆየ። በመሐሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ሩዝ በብር ሲታሰብ ተወደደ። ከዚህ በላይ የቀረጥ ከለላ የትኛው ጉምሩክ ይሰጥ ነበር?

ያኔ ድምፅ ሊሰማ የሚገባው ከወፍጮ ቤት ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ከመጋዘን ነው፤ እህሉን ይዞ ዋጋ እስኪጨምር መጠበቅ እንደ ንግድ ዕቅድ ተወሰደ። መስከረም ላይ ህንድ በሯን ስትከፍት የዓለም ዋጋ ወረደ፤ የእኛ ሩዝ እንደተሰበረና ጠጠሩን እንደያዘ ነበር።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አካባቢ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት ያደረሰውን አልዘነጋሁም። መንገድ ሲዘጋ ማሽን ቢገዛም አይደርስም፣ ባንክም ለብድር ልቡ አይከፈትም። ከወረታ ደብረ ታቦርን አልፎ ወልድያ የሚወርደው መንገድ የደጋው ንግድ የደም ሥር ነው፤ እርሱ ሲቆም የጋይንት ድንች ቆፋሪም የፎገራ ሩዝ አምራችም እኩል ይቆማሉ። ይህን ያየ ሰው ገንዘቡን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ቢያኖር አይፈረድበትም። ግን ማሽን ሁሉ የግድ ወረታ ላይ መተከል የለበትም፤ ማበጠሪያውና መለያው ሩዙ በሚያርፍበት ከተማ ሊሆን ይችላል። ደላላው እንኳ እርጥበት መለኪያ በኪሱ ቢይዝ ለውጥ ነው። 14 በመቶ እርጥበት ያለው እህልና 20 በመቶ ያለው እህል በአንድ ዋጋ ሲገዙ፣ ያደረቀው ገበሬ ተቀጣ ማለት ነው።

«ቀረጥ ይጫንልን» የሚሉ አሉ። እኔ አልደግፍም፤ የከተማ ድሃም ሩዝ በላተኛ ሆኗል። በቀረጥ ላይ የተሠራ ንግድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከራሷ ከህንድ እንይ። በሽምብራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ቀረጡን 60 በመቶ አደረሰችው፤ በግንቦት 2024 ለደሲ ሽምብራ አነሣችው። ደሲ የሚሉት ከእኛው ቡናማ ሽምብራ ጋር አንድ ዘር ነው። በዓለም ላይ እንደ ህንድ ጥራጥሬ የሚገዛ የለም፣ እንደ እርሷም በአንድ ሌሊት ሐሳቡን የሚቀይር ገዢ የለም። የፎገራና የደራ ገበሬ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ላኪው የዴልሂን ዜና ሳይከታተል ያንን ሽምብራ ቢሰበስብ ቁማር መጫወቱ ነው።

ከእኛ ምድር የህንድ ትርዒት ሲታይ ደግሞ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ከቦምቤይ ተነሥቶ የህንድ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መቅደላ ሲመጣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው በጋፋት የተሠራውን ሴቫስቶፖልን እያስጎተቱ ወደዚያው ነበሩ። ናፒየር በየመንገዱ እህልና መኖ የገዛው በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ባለአገሩም ሸጠ። ያኔ ቢያንስ ሻጩ የራሱን እህል በራሱ ቁና ሰፍሮ ነው የሰጠው።

ዛሬ ጆንያ ማሳተም ቀላል ወጪ ነው። ከባዱ በላዩ የተጻፈውን መጠበቅ ነው፤ አንድ ዝርያ፣ ጠጠር የሌለው፣ ስብርባሪው ተለይቶ ለዱቄት የተሸጠ፣ ሁልጊዜም ያው ሚዛን። አሥር ነጋዴዎች ተባብረው አንድ መለያ ማሽን ቢገዙና «የፎገራ ሩዝ» ብለው በአማርኛ ቢያትሙበት፣ የመጀመሪያው ዓመት ትርፉ ይቀጥናል፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ የሆቴሉ ገዢ ራሱ ይደውላል። ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ሸራ ገዝቶ ለገበሬው ማበደር የፈለገ ሰብሳቢ ከጥቅምት በፊት ቢያስብበት ይሻላል፤ አውድማው ላይ ጠጠሩ ከገባ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ የሚገዛው ያንኑ የተለመደውን ሩዝ ነው።