«አለኝ» ለማለት በማን መንገድ እንሂድ?

በሪጋ ከተማ የምንማር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የላትቪያን ቋንቋ ማጥናት በጀመርን ሰሞን አንዲት ተራ ግሥ ጣለችን። ግሥዋም «መሆን» የምትለው ናት። ከመካከላችን አንዱ መጽሐፍ እንዳለው ለመናገር አስቦ «ኤስ ኤስሙ ግራማታ» ቢል ክፍሉ በሳቅ ተመላ፤ ለካስ «እኔ መጽሐፍ ነኝ» ማለቱ ኖሯል።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ሰዋስዉን የምናጠናው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ በእንግሊዝኛ ልማድ «እኔ» ብለን ጀምረን ቀጥሎ የሚመጣውን ግሥ እንፈልጋለን። የአገሩ ሰው ግን «ማን ኢር ግራማታ» ይላል፤ ይኸውም «ለእኔ መጽሐፍ አለ» ማለት ነው። የግሡ ባለቤት መጽሐፉ ነው እንጂ ተናጋሪው አይደለም።

እንግዲህ አማርኛችን የሚለው ይህንኑ አይደለምን? «መጽሐፍ አለኝ» ስንል ያለው መጽሐፉ ነው፤ «ኝ» የማን እንደ ሆነ ታመለክታለች። መጻሕፍቱ ሲበዙ «አሉኝ» የምንለው ስለዚህ ነው። ላላፊ ጊዜ እነርሱ «ማን ቢያ» ሲሉ እኛ «ነበረኝ» እንላለን። ግዴታ ሲመጣም «ማን ያላሳ» ማለት «ማንበብ አለብኝ» ነው፤ በዚያም በዚህም ሥራው በሰውዬው ላይ ይጫናል። በር ተከፍቶልን ሳለ በእንግሊዝኛ አጥር ስንዘል ከረምን ማለት ነው።

አማርኛ ሁሉን ይፈታል አንልም። «የለኝም» ለማለት «ማን ናቭ ግራማታስ» ይባላል፤ «ግራማታ» መጨረሻዋን ትለውጣለች፤ ይህን በቃል ከመያዝ በቀር መድኃኒት የለውም። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛችን «አሎኒ» ብሎ ከእኛ ጋራ ይሄዳል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ግን «ቀባ» የሚል ራሱን የቻለ ግሥ ስላለው በሌላ በኩል ይመጣል። ሁሉም ከራሱ ቋንቋ ተነሥቶ ቢያመሳክር ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

የሚያሳዝነን የግሡ ነገር ብቻ አይደለም። በአማርኛ ማስታወሻ የሚጽፍ ተማሪ እንደ ኋላ ቀር ሲቈጠር፥ የአገሩ ቋንቋ ለዕውቀት እንደማይበቃ ሲነገረው እንሰማለን። የላትቪያ ሕዝብ ዛሬ 2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1989 በተደረገው ቈጠራ ላትቪያውያን በገዛ አገራቸው ከመቶ 52 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ግን ቋንቋቸው የመንግሥት ቋንቋ የሚሆንበትን ሕግ አወጡ። ዛሬም በዩኒቨርሲቲያቸው ይማሩበታል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚናገሩት ቋንቋ ያለን እኛ፥ አንዲት ግሥ ለመማር የሌላ ሰው ቋንቋ አስተርጓሚ መለመናችን ምን ይባላል?

እንግሊዝኛን እንተው ማለታችን አይደለም፤ ያለ እርሱ ብዙ መጽሐፍ ይዘጋብናል። የምንጠይቀው ይህን ነው፤ እያንዳንዳችን በምንማርበት አገር ቋንቋ አሥር አሥር ግሦችን በአማርኛ እናብራራ፥ ማኅበራችንም አባዝቶ ያድለን። ወረቀቱም ቀለሙም አለን። የቀረው ፈቃዱ ነው፤ እርሱስ አለን?