ገበና በ650 ቃል

መስከረም ሲጠባ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላለን ሐበሾች ሌላ ወቅት ይጀምራል፦ የኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰት። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ከ250 እስከ 650 ቃል ይፈቅዳል። ልጆቻችን በዚያች ቦታ ራሳችሁን ግለጹ ይባላሉ። እነሱ ግን የሚገልጡት እናቶቻቸውን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች ድርሰት አነባለሁ። አንዷ ጎበዝ ልጅ ያመጣችልኝ እናቷ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ የደረሰባትን ነበር፤ አንድም ነገር ሳይቀር። «እናትሽ ታውቃለች?» አልኳት። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ እኮ ብዙም አትችልም» አለችኝ። እንዳልሰጋ ብላ እኮ ነው!

ጠቤ ከልጅቷ ጋር አይደለም። «የሚያመውን አውጪው፣ አንባቢውን አስለቅሺው» ከሚሉ መካሪዎች ጋር ነው፤ የኛዎቹም አሉበት። እናትየዋ ለእህቶቿ እንኳ ያልተነፈሰችውን ነገር፣ ስሙን የማናውቀው የአድሚሽን ሠራተኛ በጥቂት ደቂቃ አንብቦ ወደሚቀጥለው ፋይል ያልፋል።

ግፊቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ጉዳይ ዘርን ያገናዘበ ቅበላን ሲከለክል፣ ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን በድርሰቱ ማንሳት እንደሚችል ዋና ዳኛ ሮበርትስ ጽፈዋል። ብዙ ሰው የሰማው «ቁስልህን አሳይ» የሚል ነው። ፍርዱ ግን የሚለው ሌላ ነው፤ ነገሩ ከራሱ ከተማሪው ብርታትና ችሎታ ጋር መያያዝ አለበት። የእናት መከራ የልጅ ብርታት ማስረጃ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

«ታዲያ ምን ይጻፉ? የሀብታም ልጅ እኮ በሺህ ዶላር አማካሪ ይቀጥራል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሜዳው እኩል አይደለም። ግን ያቺው ልጅ በ11 ዓመቷ በሐኪምና በእናቷ መሀል ቁጭ ብላ ስታስተረጉም ነው ያደገች። የመብራት ቢሉን፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ የኪራይ ውሉን የምታነበው እሷ ናት። «ዲፖዚት»ን በአማርኛ ምን ልበላት ብላ የተጨነቀችው ጭንቀት የራሷ ነው፤ ያንን እንዳሻት ትጻፈው። የእናቷን በሽታ ስም መጥራት እንኳ አያስፈልጋትም። ውጤቷ የወረደው ቤት ውስጥ ሰው ታሞ ከሆነ ደግሞ «ተጨማሪ መረጃ» የሚል ክፍል አለ፤ ሁለት ደረቅ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያላለቀላቸው ቤቶችንማ ተዉት። ወላጅ በጠበቃ ፊት እየተንቀጠቀጠ የተናገረውን ታሪክ፣ ልጁ ከጆሮው ለቃቅሞ፣ ዓመተ ምሕረቱን አዛብቶ፣ ለአሥር ዩኒቨርሲቲ ይበትነዋል። ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቦ የነገረው አንድ መካሪ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ እኔ ጋ የሚመጣ ልጅ አንድ ግዴታ አለበት፦ ድርሰቱን ለባለታሪኩ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ ቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ቁጭ ብሎ ያነባል። እናትየው «ይቺን አውጣት» ካለች ትወጣለች፣ ማስገቢያው ነገ ጠዋት ቢሆንም።