ኮምፒውተራችንም አማና ነው



«ትግላችን ሰላማዊ ነው፤ የምንደብቀው የለም፤ ቢሰልሉንስ ምን ያገኛሉ?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ትግላችን ሰላማዊ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በኮምፒውተራችን ውስጥ ያለው ሁሉ የእኛ አይደለም። የወዳጅ መልእክት፣ የታሰረ ወንድም ቤተሰብ ስልክ ቁጥር፣ የእህቶቻችን ፎቶ አለበት። ሰዎች አምነው የሰጡን አማና ነው።

የስለላ ሶፍትዌር የሚሰርቀው ይህንን አማና ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ይገባና የሚጽፈውን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የኢንተርኔት ንግግሩን ለሰላዩ ያስተላልፋል። ማይክራፎኑንና ካሜራውንም ሊከፍት ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን እንደወትሮው ይሠራል።

ይህ ተራ ወሬ አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ መሠራጨቱን በመጋቢት 2005 ይፋ አድርጓል። በየካቲት 2006 ደግሞ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ምርት በውጭ አገር ባሉ የኢሳት ሠራተኞች ላይ መሞከሩን ገልጿል። በዚያው ወር አንድ በአሜሪካ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ላይ ክስ መሥርቷል። ክሱ እንደሚለው፣ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ የወርድ ፋይል ኮምፒውተሩን በክሎታል፤ የስካይፕ ንግግሩ ለወራት ተቀድቷል፤ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሳይቀር ተመዝግቧል። አባት በከፈተው ፋይል ልጅም ተሰለለ ማለት ነው።

ሱረቱል ሑጁራት ሰላይነትን ይከለክላል፤ ወሬ ሲመጣም እንድናጣራ ያዘናል። የመጀመሪያውን ለሚሰልሉን እናስታውሳለን። ማጣራቱ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ያልጠበቅነው ፋይል ወይም ሊንክ ሲደርሰን፣ ከምናውቀው ሰው ስም ቢመጣም፣ ደውለን ሳንጠይቅ አንክፈት። «አስቸኳይ»፣ «ስለ ታሳሪዎች አዲስ መረጃ» የሚሉትን በተለይ እንጠንቀቅ፤ ማጥመጃ የሚሠራው ከምንወደው ነገር ነውና። ዊንዶውስንና ሌሎች ፕሮግራሞችን በየጊዜው እናድስ። አንቲቫይረስ ይረዳል፤ ሁሉንም ግን አይዝም። በኢንተርኔት ካፌ የጀመዓችንን ጉዳይ አንጻፍ። ኮምፒውተራችንን ከጠረጠርን ግንኙነቱን እናቋርጥ፤ የይለፍ ቃላችንን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር እንቀይር፤ የጻፉልንንም እናስጠንቅቅ።

ይህን የምናደርገው ፈርተን አይደለም። ለራሱ የማይፈራ ሰውም የወንድሙን አማና መጠበቅ ግዴታው ነው። አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን።

አላሁ አክበር!